የሰልፉ ጭራ

አንድ መምህር ነበረ፤ ድኩላ ይቆጥር ነበር።

ጥያቄህን የዘለልኩት እንዳይመስልህ፣ ምንይችል። ሰምቼሃለሁ። የምታማክራት ተማሪህ ሲፈን የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። አንተ ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ጫካ ውስጥ ጉሬዛዎቹ አርባ ናቸው ብለህ ጽፈሃል፤ እሷ ደግሞ ሰባ ሁለት ናቸው አለች። አርብ ፊርማህ ያስፈልጋታል። ካልፈረምክ ዓመቱን ትደግማለች። ከፈረምክ ደግሞ የራስህን ጽሑፍ በራስህ እጅ የሰረዝከው ይመስልሃል። «ልፈርምላት ወይስ ላስደግማት?» ነው ያልከኝ አይደል? እንግዲያው እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ በል። አንተ ቆመህ ሳናግርህ አንገቴን ያመኛል። ልጅቱም እዚያ ደረጃው ላይ ትቀመጥ በላት፤ ከቅድም ጀምሮ እንደ ዘበኛ ቆማለች።

ሰውየው ጎበዝ መምህር ነበረ። ይሄን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ ታሪኩን ስትሰማ እንዳትንቀው ብዬ ነው። ቅጠል ከሩቅ አይቶ ዛፉን በስሙ ይጠራል። በጠጥ ከመሬት አንስቶ በጣቱ ያደቅቅና ድኩላው ትናንት ይለፍ ዛሬ ጠዋት ይነግርሃል። ተማሪም ይወዳል። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሳይደርቅ አምስት ተማሪዎች ይመርጥና ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ጫካ ይዟቸው ይወጣል። እዚያ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ድኩላ ይቆጥራሉ። ያን ቆጠራ ያላለፈ ተማሪ የመስክ ትምህርቱን አላለፈም።

ጫካውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰነጥቀው አንድ ቀጭን መንገድ ነበር። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ በሰልፍ ይገቡበታል። መምህሩ ከፊት ይሆናል። ከሱ ኋላ ተማሪዎቹ የሚሰለፉት እንደ ውጤታቸው ነው። አንደኛ የወጣው ከመምህሩ ቀጥሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው ከሱ ቀጥሎ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው በመጨረሻ። ለመምህሩ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጎበዙ ተማሪ ቀርቦ ይስማ፣ ብዙ ይማር ነው ሐሳቡ። ሰነፉ ቀርቦ ቢሰማ ይሻላል የሚል ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። አሁንም ብዙ ያለ አይመስለኝም። የመጨረሻውን ተማሪ ጓደኞቹ «ጭራ» ይሉታል። የምሳውን ከረጢት የሚሸከመውም ጭራው ነበር።

መምህሩ ድኩላ ሲያይ እጁን ያነሳል፤ ሰልፉ ይቆማል። «አንድ፣ ሴት» ይላል በሹክሹክታ። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው እያቀበለ ወሬው ጭራው ዘንድ ይደርሳል። ሁሉም በየደብተሩ ይጽፋል። ጭራው ድኩላዋን ባያያትም ይጽፋታል። ወሬ የሚሄደው ከፊት ወደ ኋላ ብቻ ነበር፤ ከኋላ ወደ ፊት የሚላክ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

ለምን ከፊት ይሄዳል ብለህ ብትጠይቀው «እባብ ካለ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ» ነበር መልሱ። እውነቱን ነው። እሾሁን በዱላው ይገፋል፣ የሸረሪቱን ድር በፊቱ ይበጥሳል፣ የሚያንሸራትተውን ድንጋይ እየረገጠ ይሞክራል። ለኩራት ብሎ ከፊት የሄደ ሰው አልነበረም። ለተማሪዎቹ ስለሚሳሳ ነው።

ድኩላ ሰው ሲሰማ ይሮጣል ብሎ ያምን ነበር። ሲሮጥ ይታያል፣ ሲታይ ይቆጠራል። እንዲህ እየቆጠረ አንድ ዓመት ስምንት፣ አንድ ዓመት አሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘጠኝ ያገኛል። ሃያ ዓመት ዘጠኝ ሲል ዘጠኝ የሱ ቁጥር ሆነ። ጻፈው፣ አስተማረው፣ ፈተናም ላይ ጠየቀው። «በዚያ ጫካ ስንት ድኩላ አለ?» ይላል ጥያቄው። ዘጠኝ ያላለ ነጥቡን ያጣል።

አትሳቅ። አንተስ አርባ ብለህ ጠይቀህ የለም እንዴ? ባለፈው ዓመት ፈተናህን አይቼዋለሁ።

ታዲያ በአንዱ ዓመት ጭራ የሆነችው አንዲት ልጅ ነበረች። ማስጠንቀቂያ ላይ ነች። የመስክ ሪፖርቷ ከወደቀ ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበታለች። ከቀበሌዋ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ስለነበረች ስትሄድ ሰፈሩ በሙሉ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ሸኝቷታል። ተባርራ ብትመለስ እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? እንደምታስበው ወደ ጫካው የገባችው ፈርታ ነው። መምህሩ ያለውን ሁሉ ሳታዛንፍ ልትጽፍ፣ ከአፏም ምንም ላታወጣ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሰልፉ ጫካውን ሳያጋምስ የሸራ ጫማዋን በስቶ እሾህ ገባባት። ብትጮህ ሰልፉ ሊቆም ነው፣ ድኩላው ሊሸሽ ነው፣ ስሟም ሊነሳ ነው። ዝም ብላ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ሌሎቹ መቅረቷን አላወቁም፤ ጭራን ዘወር ብሎ የሚያይ የለማ።

እሾህ ነቅለህ ታውቃለህ? ትንፋሽህን ትይዛለህ። ጣትህ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እሷም እንዲያ ሆና ሳለ፣ ከእግሯ አሥር እርምጃ በማይርቅ ቁጥቋጦ ሥር፣ የደረቀ ቅጠል ነው ብላ ያለፈችው ነገር ተነስቶ ቆመ። ሴት ድኩላ ነበረች። ስድስት ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ ጆሮዋን አስተኝታ ዝም ብላለች። አሁን አንገቷን አስግጋ የሰልፉን ጀርባ አየች። ሄደውልኛል ወይስ አልሄዱም የምትል ትመስል ነበር። ከዚያ መንገዱን ቀስ ብላ ተሻገረች፤ ግልገሏም ተከተላት።

ልጅቱ እሾሁን ረሳችው። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ ካልሲ ሮጣ ሰልፉ ላይ ደረሰችና ከፊቷ ላለው ልጅ «ከኋላችን ሁለት አሉ፤ ለጋሼ አቀብልልኝ» አለችው።

«ዝም በይ፣ ቁጥር ታስረሺናለሽ!» አላትና ፊቱን መለሰ።

ደንግጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን እግሯን ሆን ብላ ትጎትት ጀመር። ሰልፉን ሠላሳ አርባ እርምጃ ታስቀድምና ቁጭ ትላለች። ትጠብቃለች። ዘጠኙ ድኩላዎች ከመምህሩ ፊት ሲሮጡ ሌሎቹ ተኝተው ያሳልፉታል፤ ሰልፉ ዘወር ሲል ደግሞ ይነሳሉ። ያየችውን ሁሉ በደብተሯ ጀርባ ሳለች። የድኩላ ጎን ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ነጠብጣቡን ቆጥራ በየቦታው አስቀመጠች፣ የተቀደደ ጆሮ ካለ ጆሮውን፣ የተሰበረ ቀንድ ካለ ቀንዱን ሳለች። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ሲደግሙት ትናንት ያየቻትን ካዲሷ የምትለየው በዚህ ነበር። «ጭራ የት ቀረች?» የሚል ድምፅ ከፊት ሲመጣ ታነክስና ትደርሳለች። ሁለት ጊዜ ተቆጥተዋታል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፊት ተሰብስበው ሪፖርት ሆነ። መምህሩ በየተራ ጠየቀ።

«ዘጠኝ» አለ አንደኛው።

«ዘጠኝ» አለች ሁለተኛዋ። ሦስተኛውም አራተኛውም ዘጠኝ አሉ። ከአንድ አፍ የወጣ ቁጥር እንዴት ይለያያል?

«አንቺስ?»

ለራሷ የገባችውን ቃል አስታወሰች። ማስጠንቀቂያውን አስታወሰች። ግልገሉንም አስታወሰች።

«ሃያ ስድስት» አለች። «የእርስዎን ዘጠኝ ጨምሮ ነው፣ ጋሼ።»

ልጆቹ ሳቁባት። መምህሩ አልሳቀም። «አንዱን ሦስት ጊዜ ቆጥረሽ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሰው ይሄን ስህተት ይሠራል» አላት። ደብተሯን ሰጠችው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። አንዱ ገጽ ላይ ቆየ፣ ሌላውን ፈጠን ብሎ አለፈው። ከዚያ ዘግቶ መለሰላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሷም እያዘነላት፣ «ልጄ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ መሆንሽን አውቃለሁ። እንድትወድቂ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ሳንነሳ ዘጠኝ ብለሽ ጽፈሽ አምጪልኝ፤ እፈርምልሻለሁ» አላት።

እዚህ ላይ ልብ በል፣ ምንይችል። ሰውየው ያለው ለጭካኔ ብሎ አይደለም። የማዳኑ መንገድ የታየው ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ልጅቱ አዲስ ወረቀት አወጣች። ስሟን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ የጫካውን ስም ጻፈች። ከዚያ ቆመች። አንድ አሃዝ ነው የቀራት፤ ክብ አድርጎ ጭራ መሳብ ነው። ያን አሃዝ ብትጽፈው ትመረቃለች፤ ሰፈሩ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ይቀበላታል። አልቅሳለች። ይሄን አልደብቅህም።

ጠዋት ድንኳኑ ተነቅሎ ዕቃው ሊጫን ሲል ወረቀቱን ይዛ መምህሩ ዘንድ ሄደች። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነበር።

«ምነው?» አላት።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። አሥራ ሰባቱን የት ላድርጋቸው?»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀበላት። ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ተማሪዎቹ ቶሎ ሄደው ገላቸውን መታጠብ አምሯቸዋል። እሱ ግን እጁን አነሳና «ዕቃው ይቆይ። ተሰለፉ» አለ።

እያጉረመረሙ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ። መምህሩ ዱላውን ይዞ መጣ። የፊተኛውን ቦታ አለፈው። ዱላውን ለአንደኛው ሰጥቶ አለፈው፤ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አለፈ። ከልጅቱም አልፎ ከኋላዋ ቆመ።

«ግባ» አለው አንደኛ ለወጣው ልጅ። «ዛሬ አንተ ምራን።»

ያ ምስኪን የሚያደርገው ጠፋው። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ጀርባ ሲያይ ቆይቶ ድንገት ጫካ ፊት ለፊቱ ተደቀነ። ቢሆንም ገባ። እንደ መምህሩ በዱላ እሾህ እየገፋ፣ እንደ መምህሩ ድንጋዩን እየረገጠ እየሞከረ ሄደ። አራት ጊዜ ብቻ እጁን አነሳ። ልጅቱ አርባ እርምጃ ያህል አስቀደመቻቸውና ለመምህሩ «ይቀመጡ» ብላ በእጇ አሳየችው። እሱ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠበቁ። ጉንዳን እግሩ ላይ ወጣ፤ ሊያራግፍ ሲል እጁን ያዘችው። ተማሪ የመምህሩን እጅ ይይዛል እንዴ? እሷ ግን ያዘችው።

ከዚያ ከግራቸው አንድ ቁጥቋጦ ተነሳ። ጆሮው የተቀደደ ወንድ ድኩላ ነበር። የሰልፉን ጀርባ አየና መንገዱን ተሻገረ። ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። የተቀደደ ጆሮ፣ ጎኑ ላይ ሰባት ነጥብ። መምህሩ ድኩላውን ቆጠረ፤ ሰባት። ጥቂት ቆይቶ ከቀኝ ሁለት ተነሱ። ገጹን ገለጠች። እነሱም ነበሩበት። አምስተኛው ላይ መምህሩ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሁልጊዜ እዚህ ነበሩ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዳየሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ከጭራ ሆኜ የማየው ጀርባዎን ነው። ለጀርባ ምን ብዬ ልንገር?»

መምህሩ ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር፣ የቀሩት ድኩላዎች ተደናብረው እስኪሮጡ ሳቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቆጥር የኖረው ከሱ መደበቅ ያልቻሉትን ብቻ ነበር። ልብ በል፣ አልተናደደም። ደስ አለው። ዘጠኝ ድኩላ አለኝ ያለ ሰው ሃያ ስድስት አለህ ሲሉት ለምን ይናደዳል? ይሄ ነው የወደድኩለት።

ከሳቁ ሲመለስ ግን ፊቱ ጨለም አለ። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጭራ ነበር። ያ ልጅም ሃያ አራት ብሎት ነበር። ሥዕል አልነበረውም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው ይዞ የመጣው። «ዘጠኝ ብለህ ጻፍ» ሲለው አልጽፍም አለ። መምህሩም ጣለው። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ በመንገዱ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ከፈተ ሲባል ሰምቶ ነበር። በየዓመቱ ወደ ጫካው ሲሄድም ሲመለስም በዚያ ወፍጮ ቤት በር ነው የሚያልፈው። አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

በዚያ ቀን መኪናውን አስቆመው። የልጅቱን ደብተር በብብቱ ይዞ «ነይ» አላትና ገቡ። ወፍጮው እያጓራ ነበር፤ ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ባለወፍጮው ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ እህል ያፈሳል። መምህሩ አጠገቡ ሄዶ ቆመ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ መጥቼ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ሂሳብ በዚያ በኩል ነው!» አለው ሰውየው ቀና ሳይል።

«ይቅርታ! ይቅርታ ነው የምልህ!»

ባለወፍጮው ቀና አለ። አወቀው። ሄደና ማሽኑን አጠፋ። ሴቶቹ «ኧረ ምን ሆነሃል፣ መሽቶብናል እኮ!» ብለው ተንጫጩ። እሱ አልሰማቸውም። በዱቄቱ ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። መምህሩ ለሰባት ዓመት ያልተናገረውን ሊናገር አፉን ሲከፍት ባለወፍጮው ቀደመው።

«ስንት ሆኑ?» አለ።

ሰማኸኝ? ለምን ጣልከኝ አላለም። አሁን ምን ልታደርግልኝ መጣህ አላለም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ልቡ ውስጥ የቀረችው ጥያቄ ያቺ ብቻ ነበረች።

«ሃያ ስድስት» አለው መምህሩ።

ባለወፍጮው በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ዱቄቱን ሰንጥቆ ሳቁ ወጣ። «እኔ ሃያ አራት ነበር ያልኩት። እንዳሉ አሉ ማለት ነው፤ ሁለት ጨምረዋል» አለ። መምህሩ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና ኮቱ ነጭ ሆነ። ሁለቱም አለቀሱ። ወረፋ ከያዙት ሴቶች አንዷ ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ አብራ አለቀሰች።

መምህሩ «ተመለስ፤ እኔ ራሴ ሬጅስትራር ድረስ ይዤህ እገባለሁ፤ የጣልኩህ እኔ ነኝ፣ የምከራከርልህም እኔ ነኝ» አለው። ሰውየው ሚስት አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ ወፍጮውን ይወደዋል። «ይሄን ማን ያዞርልኛል?» አለና በትህትና እምቢ አለ። በዓመቱ ግን የቆጠራው ዕለት ሲደርስ ወፍጮውን ዘግቶ መጣ። የምሳውን ከረጢት ራሱ ተሸክሞ ከሰልፉ ጭራ ቆመ። እስካረጀ ድረስ አንድም ዓመት አልቀረም። ጉልበቱን ሲያመው ልጁን ላከ።

መምህሩም ሰልፉን ለወጠው። ማንም ሰው አንድ ቀን ከፊት ከሄደ በማግስቱ ከኋላ ይሆናል፤ እሱ ራሱም ቢሆን። ወሬ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ዘጠኝ ብሎ በጻፈው ጽሑፍ ላይ በራሱ እጅ ማረሚያ ጻፈ፤ የልጅቱንና የባለወፍጮውን ስም ከራሱ ስም አስቀድሞ አሰፈረ። ልጅቱም ማስጠንቀቂያው ተነሳላት፤ ተመረቀች። ሰፈሩ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ተቀበላት።

ይሄን ሁሉ እንዴት አወቁ ብለህ ነው የምታየኝ? ጭራዋ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ወዳንተ ልምጣ። ምንይችል፣ አንተ ያ መምህር ነህ። ክፋት የለብህም፤ አውቅሃለሁ። ሲፈንን እሾህ እንዳይወጋት ብለህ ጫካውን አንተ መረጥክላት፣ የምትገባበትን ሰዓት አንተ ወሰንክላት፣ መንገዱን አንተ ጠረግክላት። ከፊቷ ስትሄድ ያየኸው አርባ ነው። ክፍል ገብተህ «ጥያቄ አለ?» ስትል ተማሪው ሁሉ ጸጥ ሲል፣ ጥያቄ የለም ብለህ ትወጣለህ። የለም እንዴ? ጥያቄው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እስክታልፍለት እየጠበቀ ነው። በሩን ዘግተህ ስትወጣ ይነሳል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ እሰማዋለሁ፤ ልጆቹ ከአንተ ክፍል ወጥተው እዚህ ደጅ ላይ ነው የሚጠያየቁት። ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። አንተ ብትሰማው ደስ ይልህ ነበር።

ሲፈን ልክ ናት አላልኩህም። ልትሳሳት ትችላለች፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል አንዱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን አንዷን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነጥቧ ነው ያዳነኝ። ግን ስህተቷንም ሆነ ልክ መሆኗን ቢሮህ ተቀምጠህ አታውቀውም። ከፊቷ ሆነህም አታውቀውም። «አርባ ብለሽ አስተካክለሽ አምጪ» እንዳትላት ብቻ አደራህን። አርባ ብላ ብትጽፍልህ ለአርብ ፊርማ ታገኛለች፤ አንተ ግን ተማሪ ታጣለህ። እምቢ ብላ ብትሄድ ደግሞ አንድ ቀን የሆነ ከተማ መኪና አስቁመህ ትወርዳለህ። ያኔ እንደ ባለወፍጮው የሚስቅልህ ሰው ላታገኝ ትችላለህ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ አርብ ሁለት ጠዋት አለህ። ብዕርህን ኪስህ ውስጥ ክተት። አሁን ተነስና እዚያ ደረጃ ላይ ወዳለችው ልጅ ሂድ። «ነገ ጫካውን አንቺ አሳዪኝ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ» በላት። ምሳውን ደግሞ አንተ ተሸከም። ቁጭ በል ስትልህ ቁጭ በል፣ ጉንዳን ሲወጣብህ ቻለው። ቆጥራችሁ ስትመለሱ በዚህ በኩል እለፉ፤ እኔ እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ስንት ሆኑ ብዬ እጠይቃለሁ። አንተን አይደለም የምጠይቀው፤ እሷን ነው።